ከራዝቤሪ ፓይ ወደ አይፎን ቪዲዮ ማሻገር፦ ስም መቀየር አይሠራም

ማድረሱ ቀላል ነው። ራዝቤሪ ፓይ (ፓይ የምለው ትንሽ ኮምፒውተር) ላይ ሳምባ የሚባለውን ፎልደር በኔትወርክ የሚያጋራ ፕሮግራም ጫንኩ፣ የቪዲዮዎቹን ፎልደር ሼር አደረግኩ፣ ስልኩ ላይ ፋይልስ ውስጥ ገብቼ «ኮኔክት ቱ ሰርቨር» የሚለው ላይ የፓይን አድራሻ ጻፍኩ፤ አለቀ። ራውተር ከሌለ የአይፎኑ ሆትስፖት ይበቃል። ፓይ በ172.20.10 የሚጀምር አድራሻ ያገኛል፤ ዝውውሩ በሁለቱ መካከል ስለሆነ የሞባይል ዳታ አይበላም። ፓይ ዜሮ ደብሊው የሚባለው ትንሹ ሞዴል የሚያውቀው የ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ብቻ ስለሆነ፣ ከአይፎን 12 ወዲህ ባሉት ላይ «ማክሲማይዝ ኮምፓቲቢሊቲ» ካልበራ ሆትስፖቱን አያየውም።

እኔን የፈጀኝ ፋይሉ ራሱ ነው። የፓይ ካሜራ ትእዛዝ በተለመደው አጠቃቀሙ የሚሰጠው ጥሬ ኤች 264 (የተጨመቀ የምስል ዳታ ብቻ) ነው፤ ጆንያ የሌለው እህል በሉት። የትኛው ፍሬም መቼ እንደሚታይ የሚናገር ሰዓት የለውም፣ ድምፅም የለውም። አይፎን የሚፈልገው ኤምፒ4 ወይም ሞቭ በሚባል ጆንያ ውስጥ የገባ ቪዲዮ ነው። እኔ ግን የፋይሉን ስም መጨረሻ ወደ ኤምፒ4 ቀየርኩና ተስፋ አደረግኩ። ኮምፒውተር ላይ ኤምፒቪ የሚባለው ማጫወቻ ይዘቱን አይቶ ስለሚከፍተው ጥፋቱ የስልኩ መሰለኝ። አይደለም። ስም ብቻ ነው የቀየርኩት።

ትክክለኛው መንገድ ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለው ቪዲዮ የሚቀይር ፕሮግራም ነው፤ ቪዲዮውን «ኮፒ» በሚለው አማራጭ ወደ ኤምፒ4 ማሸጋገር። እንደገና ኢንኮድ ስለማያደርግ (ምስሉን ስለማይጨምቅ) ጥራቱ አይነካም፣ ደካማ ፓይም ይችለዋል። ወጥመዱ እዚህ አለ፦ ጥሬው ፋይል ሰዓት ስለሌለው ኤፍኤፍኤምፔግ በሴኮንድ 25 ፍሬም ነው ብሎ ይገምታል። በ30 የተቀረጸ የ30 ደቂቃ ቪዲዮ 36 ደቂቃ ይሆናል፣ ሰው ሁሉ ውሃ ውስጥ የሚራመድ ይመስላል፣ ለብቻው የተቀዳው ድምፅም ቀድሞ ያልቃል። «ፍሬምሬት 30» የሚለውን ከግቤቱ ፋይል ስም በፊት ጻፉ። በፊት ነው ያልኩት! ከኋላ ሲገባ ምንም አያስተካክልም፤ እኔ ከኋላ እየጻፍኩ ፕሮግራሙን ስወቅስ ነበር። ድምፁን ኤኤሲ ወደሚባለው የድምፅ ፎርማት ቀይሩት።

ሜሞሪ ካርዱ ዘገምተኛ ሆኖ ፍሬሞች ከተዘለሉ ይህም አይበቃም። ሲቀረጽ «ሴቭ ፒቲኤስ» የሚለውን አማራጭ አብሩ፤ የእያንዳንዱን ፍሬም ሰዓት በጽሑፍ ያስቀምጣል። ያንን ኤምኬቪመርጅ በሚባል ፕሮግራም ከቪዲዮው ጋር ካጋባችሁ በኋላ ወደ ኤምፒ4 ማሸጋገር ነው።

የፓይ ካሜራ መመሪያ በቀጥታ ኤምፒ4 መቅረጽም እንደሚቻል ይነግራችኋል። የእኔ ምክር አታድርጉት ነው። ተራ ኤምፒ4 ማውጫውን (የትኛው ፍሬም የት እንዳለ የሚናገረውን ዝርዝር) የሚጽፈው መጨረሻ ላይ ነው፤ መሃል ላይ መብራት ከጠፋ የሁለት ሰዓት ቀረጻ የማይከፈት ፋይል ሆኖ ይቀራል። ጥሬው ግን እስከተቋረጠበት ድረስ ይተርፋል።

በዩኤስቢ ዌብካም የምትቀርጹ ሌላ ችግር አለባችሁ። ብዙዎቹ የሚልኩት ኤምጄፔግ የሚባል ፎርማት፣ የቀለም አቀማመጡም 4:2:2 የሚባለው ስለሆነ፣ ወደ ኤች 264 ሲቀየር ፎርማቱ ካልተነገረው 4:2:2 ሆኖ ይወጣል፣ አይፎንም አያጫውተውም። ፒክስል ፎርማቱን «ዋይዩቪ 420ፒ» በሉት። በኤች 264 ፋንታ ኤች 265 ከመረጣችሁ ደግሞ ፋይሉ ውስጥ የሚጻፈው መለያ (ታግ) «ኤችቪሲ1» መሆን አለበት፤ «ኤችኢቪ1» ከሆነ ያው ቪዲዮ አይከፈትም።

መፈተኛው ቀላል ነው። ፋይልስ ውስጥ ቪዲዮውን ይዛችሁ ሼር በሉ፤ «ሴቭ ቪዲዮ» ከመጣ ፎቶስ ውስጥ ይገባል። ካልመጣ ስልኩን ሪስታርት እያደረጋችሁ አትድከሙ፣ ወደ ኤፍኤፍኤምፔግ ተመለሱ።

በፍላሽ የምታሻግሩ ፍላሹን ኤክስፋት በሚባለው የዲስክ አደረጃጀት ፎርማት አድርጉ፤ የፓይን አደረጃጀት ኤክስት4ን አይፎን አያነበውም፣ ፋት32 ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይችልም። በቴሌግራም ከሆነ እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ቪዲዮ ከላካችሁት ጨምቆ ያደበዝዘዋል።