የርካሽ ፓስቲ ሒሳብ

በብሪታኒያ ሱፐርማርኬቶች ማቀዝቀዣ ውስጥ አራት አራት ሆኖ የታሸገ ፓስቲ ያየ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ዋጋው ላይ ነው። ዋጋው ብቻውን ግን ምንም አይናገርም። ፓስቲ ማለት ድንች፣ ሽንኩርትና ሥጋ በሊጥ ተጠቅልሎ የሚጋገር ምግብ ነው፤ እንደ ሳምቡሳ በዘይት አይጠበስም። ከውስጡ ካለው ሁሉ ውዱ ሥጋው ነው፣ ዱቄትና ድንች እዳቸው ገብስ ነው። ስለዚህ ስንት ግራም ሥጋ እንደምትገዙ ሳታውቁ "ረከሰ" ወይም "ተወደደ" ማለት አይቻልም።

ደግነቱ መጠኑ ተጽፏል። ስሙ ላይ "የበሬ ሥጋ" ያለ ፓስቲ የሥጋውን መቶኛ የመግለጽ ግዴታ አለበት፤ ከጀርባ፣ በደቃቁ የግብዓት ዝርዝር ውስጥ ታገኙታላችሁ። ይህን ቁጥር በአንዱ ፓስቲ ክብደት ማባዛት ብቻ ነው።

ለስሌት ያህል ሁለት ዓይነት እንውሰድ። አንደኛው አራት ባለ 150 ግራም ፓስቲ በ2 ፓውንድ ከ40 ፔንስ፣ ሥጋው 8 በመቶ። ሁለተኛው አንድ ባለ 220 ግራም በ1 ፓውንድ ከ90፣ ሥጋው 18 በመቶ። መደርደሪያው ላይ ያለው የ100 ግራም ዋጋ የመጀመሪያውን 40 ፔንስ፣ ሁለተኛውን 86 ፔንስ ግድም ያደርገዋል፤ በእጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። አሁን ወደ ሥጋው እንሂድ። የርካሹ እያንዳንዱ ፓስቲ 12 ግራም ሥጋ አለው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ እንኳ በደንብ አይሞላም። የውዱ 40 ግራም ገደማ ነው። 10 ግራም ሥጋ ከርካሹ በ50 ፔንስ፣ ከውዱ በ48 ፔንስ ይገኛል። ሥጋው እኩል ዋጋ ወጥቶበታል፤ ርካሹ ከላዩ የጨመረላችሁ ሊጥና ድንች ነው። ሆድ መሙላት ብቻ ከተፈለገ ይህ ኪሳራ አይደለም፣ ግን የሥጋ ምግብ ገዛሁ አትበሉ።

መቶኛውን ማስላት የሰለቸው ሰው የፕሮቲኑን መስመር ይመልከት። ዱቄቱና ድንቹ ራሳቸው ትንሽ ፕሮቲን ስላላቸው፣ ሥጋ የነፈገው ፓስቲ በ100 ግራም 6 ግራም አካባቢ ይቆማል። ሥጋ የበዛበት 8 እና 9 ይደርሳል። አንድ ማታለያ አለ፦ የአኩሪ አተር ፕሮቲን ከተጨመረ ቁጥሩ ሥጋ ሳይኖር ከፍ ይላል። ዝርዝሩ ውስጥ አኩሪ አተር መኖሩን ሳታዩ በፕሮቲኑ አትፍረዱ።

ዝርዝሩ የሚጻፈው ከሚበዛው ወደሚያንሰው ነው። ዱቄት አንደኛ መሆኑ የተለመደ ነው፣ አያስደነግጥም። የሚያሳስበው ውሃ ከሥጋ በፊት ሲመጣና ከኋላው የተለወጠ ስታርችና የደረቀ ድንች ሲከተሉ ነው። እንዲህ ያለው ፓስቲ ሲቆረጥ ውስጡ ቁርጥራጭ የለውም፣ ግራጫ ሙጫ የመሰለ ነገር ነው። ብዙ ጊዜም ነጭ ቁንዶ በርበሬው አፍ ያቃጥላል፤ ጣዕም የሌለውን ነገር በማቃጠል መሸፈን የቆየ ዘዴ ነው።

"ኮርኒሽ" የሚለው ቃል ግን እንደ ማስታወቂያ ቃል የሚረጭ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ስሙ በሕግ የተጠበቀ ነው። የእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ በሆነው በኮርንዎል ውስጥ መዘጋጀት፣ ቢያንስ 12.5 በመቶ የበሬ ሥጋና 25 በመቶ አትክልት መያዝ፣ ግማሽ ክብ ቅርጽ ኖሮት ጠርዙ በጎን መቆለፍ አለበት። ውስጡም ጥሬውን ገብቶ ነው ከሊጡ ጋር የሚበስለው። አትክልቱ ድንች፣ ሽንኩርትና ስዊድ ነው፤ ስዊድ ውስጡ ቢጫ የሆነ ክብ ሥር ነው፣ የኮርንዎል ሰዎች ተርኒፕ ይሉታል። ካሮት ካያችሁበት ኮርኒሽ አይደለም። ስሙ የጥራት ጣሪያ ባይሆንም ወለል ያበጅለታል፣ ቸኩሎ ለሚገዛ ሰው ይህ ብዙ ነው።

ከርካሾቹ አንዱን የግድ መምረጥ ካለብኝ የቺዝና ሽንኩርቱን እመርጣለሁ። 8 በመቶ ሥጋ ሊጥ ውስጥ ጠፍቶ ይቀራል፣ 10 በመቶ ቼዳር ግን ይጣፍጣል።

የፊት ለፊቱን ባለቀለም ምልክት ስታነቡ ቁጥሩ ለስንት ፓስቲ እንደሆነ እዩ። ትልልቆቹ ላይ አንዳንዴ "ለግማሽ ፓስቲ" ይላል፤ ግማሹን በልቶ ግማሹን የሚያስቀምጥ ሰው ካለ እሰየው። ጠጣር ቅባት በ100 ግራም ከ5 ግራም ካለፈ ቀይ ነው፣ ፓስቲም ርካሽ ሆነ ውድ አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። ጨው በ100 ግራም 1 ግራም ቢሆን፣ ሁለት ባለ 150 ግራም የበላ ሰው 3 ግራም ወሰደ፤ ይህ ለአዋቂ በቀን ከተቀመጠው የ6 ግራም ጣሪያ ግማሹ ነው።

ጥሩውንም ፓስቲ የሚያበላሸው ማሞቂያው ነው። ማይክሮዌቭ የውስጡን ውሃ እንፋሎት አድርጎ ወደ ሊጡ ይገፋዋል፣ ቅርፊቱ እንደ ቆዳ ይለጠጣል። ኦቨኑን ከነትሪው 180 ዲግሪ አሙቁ፣ ፓስቲውን የጋለው ትሪ ላይ አስቀምጡና ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ተዉት። ቀዝቃዛ ትሪ ላይ ከተቀመጠ ግን ቅቤው ወይም ዘይቱ ሊጡ ሳይጠነክር ቀልጦ ሥሩ ይረጥባል። መሐሉ 75 ዲግሪ መድረስ አለበት። በረዶ የሆነው ለብቻው መመሪያ አለው፣ ማሸጊያው ካልፈቀደ አታቅልጡት፤ ቀልጦ የገባ ሥሩ አይደርቅም። አንዴ የሞቀውን ደግሞ መልሳችሁ አታሙቁ።

ሒሳቡ ውስጥ መብራቱም ይግባ። ባለ 2 ኪሎዋት ኦቨን ለአንዲት ፓስቲ 40 ደቂቃ ከበራ 1 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሊበላ ይችላል። ባለ 1.5 ኪሎዋት ኤር ፍራየር (በሞቃት አየር የሚያበስል ትንሽ ማብሰያ) በ15 ደቂቃ ከ0.4 አያልፍም፣ ቅርፊቱንም ያደርቀዋል። ኦቨን ከሆነ አራቱንም በአንዴ።

ሞቅ ያለውን ከመደብሩ የሚገዛ ሰው ሌላ ነገር ይከፍላል። በሙቅ መደርደሪያ እየሞቀ የቆየ ፓስቲ 20 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለበት፤ ቀዝቃዛው ወይም ከኦቨን ወጥቶ በራሱ እየቀዘቀዘ ያለው የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2012 መንግሥት በራሱ የሚቀዘቅዘውንም ሊያስከፍል ሞክሮ "የፓስቲ ግብር" ተብሎ ጩኸቱ ሲበረታ ተወው።

ለማነጻጸሪያ የቤቱ እዚህ አለ። ለስድስት ትልልቅ ፓስቲ 500 ግራም የዳቦ ዱቄት፣ 145 ግራም ቅባት፣ 5 ግራም ጨውና 175 ግራም ቀዝቃዛ ውሃ ተለውሶ ፍሪጅ ውስጥ 3 ሰዓት ያርፋል፤ ካላረፈ ሲዳመጥ ይሸሻል። ውስጡ 450 ግራም ከሆድ በኩል የተቆረጠ የበሬ ሥጋ፣ 450 ግራም ድንች፣ 250 ግራም ስዊድ፣ 200 ግራም ሽንኩርት፣ ሁሉም ጥሬ ሆኖ የተከተፈ። ማራገቢያ ባለው ኦቨን በ165 ዲግሪ ከ50 እስከ 55 ደቂቃ። እያንዳንዱ 75 ግራም ሥጋ ይይዛል፣ ከጥሬ ክብደቱ ሃያ በመቶ ግድም። በሰፈራችሁ ዋጋ ደምሩትና ለስድስት አካፍሉ፤ ከዚያ ባለ 18 በመቶው ፓስቲ ከሚጠይቀው ላይ የሚተርፈው ልዩነት የድካማችሁ ዋጋ ነው።