ደብተሬ እነሱ ጋ ነው

ኅዳር 12፣ ማታ

ዛሬ ቱሉ ዲምቱ በጭስ ታፍኖ ዋለ። ኅዳር ሲታጠን አይደል። ከሥራ ስመለስ የየብሎኩ ሰው ቆሻሻውን ደጅ አውጥቶ ያቃጥላል፤ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ያለው የጤፍ ማሳ እንኳ አይታይም። ምድር ቤት ያሉት እትዬ አንገታቸውን ቀና አድርገው "አንቺ የምታቃጥይው የለሽም እንዴ?" ብለው ጮኹብኝ። አራተኛ ፎቅ ወጥቼ አንድ ፌስታል አሮጌ ወረቀት ይዤላቸው ወረድኩ። ማቃጠል የምፈልገው ሌላ ነበር፤ ሰባት ደብተር፣ ባለ 50 ሉክ። እሱ ግን እኔ ጋ የለም።

ደብተሮቹ ያሉት "ቤቱ" ነው። ስሙን አልጽፈውም። እኛም ስሙን ብዙ አንጠራውም ነበር። "ነገ ቤቱ ትመጫለሽ?"፣ "እስቲ ቤቱ ምን ይላል" እንባባላለን እንጂ። ሃይማኖት ነኝ አይልም፤ ስልጠና ነኝ ነው የሚለው። ከከተማው ወጣ ብሎ የተከራዩት ሰፊ ግቢ፣ አንድ ጋሼ፣ ከጋሼ በታች አምስት ረዳቶች፣ ከረዳቶቹ በታች እኛ። አራት ዓመት ቆየሁበት። ከወጣሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነው።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ የእህቴ ልጅ ነው። ባለፈው ሳምንት እኔ ጋ አድሮ፣ ሳይንቶሎጂ ከሚባለው የአሜሪካ ሃይማኖታዊ ድርጅት የወጡ ሰዎች የሚያወሩትን በስልኩ ሲያይ አብሬው ቁጭ አልኩ። እሱ የሳቀው ዚኑ ላይ ነው። ከ75 ሚሊዮን ዓመት በፊት ዚኑ የሚባል የጋላክሲ ገዢ ሕዝቡን ወደ ምድር አጓጉዞ፣ እሳተ ገሞራ ዙሪያ ደርድሮ በቦምብ ፈጃቸው፤ ነፍሳቸው እስከ ዛሬ ሰው ላይ ተጣብቃ አለች ይላል ትምህርቱ። "አክስቴ፣ ትልልቅ ሰው ይህን እንዴት ያምናል?" አለኝ።

መጀመሪያ ቀን እኮ ዚኑን አይነግሩህም አልኩት። ይህ የሚነገረው ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ ላወጣ ሰው ነው። መጀመሪያ ቀን የሚደረግልህ ሌላ ነገር ነው፤ ትሰማለህ። ማለቴ፣ የሚሰማህ ሰው ታገኛለህ።

የሳይንቶሎጂ መስራች ኤል ሮን ሀባርድ የሳይንስ ልብ ወለድ ጸሐፊ ነበር። በፈረንጆች 1950 ዲያኔቲክስ የሚለውን መጽሐፉን አወጣ፤ በ1954 ደግሞ ሎስ አንጀለስ ላይ እነሱ ቤተ ክርስቲያን የሚሉት ድርጅት ተቋቋመ። አስተምህሮው ሰው በሕይወቱ የደረሰበት ክፉ ነገር ሁሉ በማያውቀው የአእምሮው ክፍል ተከማችቶ ያሠቃየዋል ይላል። ያንን ለማራገፍ ኦዲቲንግ የሚሉት አለ። ሁለት ሰው ጠረጴዛ ይዘው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ሁለት ቆርቆሮ መሳይ ነገር በሁለት እጁ ጨብጦ ይመልሳል። በቆርቆሮዎቹ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያልፋል፤ ኢ-ሜትር የሚሉት መሣሪያ ላይ መርፌዋ ወዲህ ወዲያ ስትል ጠያቂው እያየ ይጽፋል። በ1963 የአሜሪካ መንግሥት ዋሽንግተን ከሚገኘው ቤታቸው መሣሪያዎቹን ወርሶ ነበር፤ ያድናል እያሉ ነው ብሎ። በ1971 ዳኛው ለሃይማኖታቸው ይጠቀሙበት፣ በሽታ ይፈውሳል ማለት ግን አይችሉም ሲል ፈረደ።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ኦዲት ሲባል ትዝ የሚለኝ ደረሰኝ፣ ቫውቸርና ግንቦት ላይ የሚመጡት ፊታቸው የማይፈታ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ቃሉን ስሰማ መጀመሪያ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ግን ሳቁ ጠፋ። የጠረጴዛው አቀማመጥ፣ ጠያቂው ፊቱን ሳይቀይር "እሺ፣ ሰማሁሽ" እያለ የሚጽፈው ነገር… ቤቱ ውስጥ መሣሪያ አልነበረም። የቀረው ሁሉ ነበር።

ሁለቱ አንድ ናቸው አልልም። ያ ባሕር ማዶ ያለ፣ ሕንጻና ጠበቃ የሞላው ትልቅ ድርጅት ነው፤ የእኛ አንድ ግቢ። ነገር ግን ከሳይንቶሎጂ የወጣች አንዲት ሴትዮ "ያንን ማኅደር ሳስብ እስካሁን እንቅልፍ አይወስደኝም" ዓይነት ነገር ስትናገር፣ አውቶቡስ ውስጥ ስሜን እንደ ጠሩኝ ነው የደነገጥኩት።

የመጀመሪያዋን ቀን ልጻፈው። ከሥራ ጓደኛ ጋር ተጣልቼ፣ እጮኝነቴ ፈርሶ፣ ራሴን ሰው በማልቆጥርበት ጊዜ ነው የሄድኩት። አንዲት ረዳት ሁለት ሰዓት ሙሉ ሰማችኝ። ስልኳን አላየችም፣ "አይዞሽ፣ ያልፋል" አላለችም፣ የራሷን ታሪክ ጣል አላደረገችም። ቤታችን ውስጥ እኮ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይቋረጥ ጨርሶ አያውቅም። አባቴ ጠጪ ነበር፤ ሲሞት ለቅሶው መሀል እፎይ እንዳልኩ፣ ለማንም፣ ለእህቴም ሳልናገር የኖርኩትን ለእሷ ነገርኳት። ስወጣ ቀልሎኝ ነበር። ሰው ሲጠይቀኝ "ተታልለሽ ነው" የሚለውን አልወደውም፤ ያ መቅለል ውሸት አልነበረም። ውሸቱ የት ጋ እንደ ገባ ነው አሁንም የሚያስቸግረኝ።

እናቴ በዓመት ጥቂት ጊዜ ንስሐ አባቷ ጋ ትሄዳለች። አባ ጆሯቸውን ሰጥተው ይሰማሉ፣ ስገጂ፣ ጹሚ ብለው፣ አፍትተው ያሰናብቷታል። ብዕር አይዙም። ይህችን ልዩነት ለማየት ሰባት ዓመት ፈጀብኝ። እኔ የተናገርኩት ሁሉ ደብተር ላይ ሰፍሯል፤ ቀን አለው፣ ገጹ ቁጥር አለው፣ ከሥሩ ፈርሜበታለሁ። ሒሳብ ሠራተኛ አይደለሁ፣ ፊርማዬ ግጥም ያለ ነው።

ቤቱን የሚጠራጠር ዘመድ "ጎታች" ይባላል። ወደ ኋላ የሚጎትት ማለት ነው። እናቴ ጎታች፣ እህቴ ጎታች፣ ዕቁብ ሲወጣልኝ ብሩን የት እንዳደረግሁት የጠየቀችኝ የሥራ ባልደረባዬ ጎታች። ሳይንቶሎጂ ውስጥም አፋኝ ሰው ተብሎ ከተፈረጀ ዘመድ መቆራረጥ እንዳለ የወጡት ይናገራሉ፤ ልጅ ከእናቱ፣ እህት ከወንድሟ። ቤተ ክርስቲያኗ በበኩሏ መለያየቱ የአባሉ የራሱ ምርጫ ነው ትላለች። እዚህች ጋ ስደርስ የእህቴን ልጅ አቁመው አልኩት። ምርጫ። ለእኔም ልክ በዚህ ቃል ነበር የተነገረኝ።

አጎቴ የሞተ ጊዜ ነው። የአባቴ ታናሽ። እህቴ ደውላ "ነገ ቀብር ነው፣ ሌሊት እንነሣለን" አለችኝ። ቤቱ ደግሞ የደረጃ አራት ስልጠና ላይ ነበርኩ፤ የከፈልኩበት። ለረዳቷ፣ ያቺው የመጀመሪያዋ፣ መሄድ አለብኝ አልኳት። በር የዘጋብኝ የለም። ደብተሬን ከመደርደሪያው አወረደች፣ ገለጠች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "በአባትሽስ መቼ አዘንሽ? ለአጎትሽ ነው የምትሄጅው ወይስ ሰው ምን ይለኛል ብለሽ?" አለችኝ። ደብተሩን አላነበበችልኝም። ገልጣ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው ብቻ። "ምርጫው ያንቺ ነው" አለች።

አልሄድኩም። የአጎቴን ቀብር ቀረሁ። በእኛ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ አላስረዳም። እህቴ ስምንት ወር አላናገረችኝም፤ ዕድርተኞቹ ድንኳን ሲያፈርሱ "ትንሿስ የት ናት?" ብለው እናቴን ሲጠይቋት "አሟታል" አለች አሉ። እናቴ ውሸት አታውቅም።

ከዚያ በኋላም አንድ ዓመት ቆየሁ። ይህን ደብቄ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር።

የወጣሁት በጀግንነት አይደለም። የኮንዶሚኒየሙን ውዝፍ ለመክፈል ብድር ስጠይቅ ባንኩ የሒሳብ መግለጫ አምጪ አለኝ። የአራት ዓመቱን አሳትሜ፣ እንደ ልማዴ በቢጫ ማርከር ማቅለም ጀመርኩ። የደረጃ አንድ፣ የደረጃ ሁለት፣ የ"ማጽጃ ሳምንት"፣ የጋሼ ልደት መዋጮ። ድምሩ 218 ሺህ 400 ብር። ደረሰኝ የለውም፤ አንድም። ቢሮ ውስጥ ለ40 ብር የታክሲ ሒሳብ ደረሰኝ ካላመጣህ አልፈርምም ብዬ ሾፌር የማስለቅሰው እኔ። ወረቀቱን እያየሁ ብቻዬን ሳቅሁ፣ ከዚያ በሚቀጥለው ቅዳሜ አልሄድኩም፣ ከዚያ በሚቀጥለውም።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አላወራም። እዚያ ማዶ ያለውን ሳይንቶሎጂን በ2009 የፈረንሳይ ፍርድ ቤት በተደራጀ ማጭበርበር ጥፋተኛ ብሎ ወደ 600 ሺህ ዩሮ ቀጥቶታል፤ በ2013 በሰበርም ጸንቷል። አሜሪካ ውስጥ ግን ከ1993 ጀምሮ ከግብር ነፃ ነው። እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ይህ ይከነክነኛል፣ እንደ ቀድሞ ከፋይ ብዙም አይገርመኝም። በ1967 የተመሠረተ ሲ ኦርግ የሚባል የአገልጋዮች ጓድ አላቸው፤ የሚፈርሙት ውል የአንድ ቢሊዮን ዓመት ነው። በሚቀጥለው ሕይወትም ተመልሰው ሊያገለግሉ። የእህቴ ልጅ ሁለተኛ የሳቀው እዚህ ላይ ነው። እኔ የፈረምኩት "እስከ መጨረሻው" ይላል። የቱ እንደሚረዝም እንጃ።

ዛሬ ጠዋት ልጅቷን አየኋት። ለዚህ ነው የምጽፈው፤ ጭሱም የእህቴ ልጅም ሰበብ ነው።

ቢሯችን ገንዘብ ያዥ ነበረች። ወደ ቤቱ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ደረጃ ሦስት የጨረሰ ሰው አዲስ ገቢ እንዲሰማ ይፈቀድለታል፤ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ሁለት ሰዓት የሰማኋት፣ "እሺ፣ ሰማሁሽ" ያልኳት እኔ ነኝ። የእሷ የመጀመሪያ ደብተር በእኔ እጅ ጽሑፍ ነው። ሳይንቶሎጂ ውስጥ አንዱ አባል የሌላውን ጥፋት ጽፎ የሚያስገባበት ሪፖርት አለ ሲሉ የእህቴ ልጅ "ሰላይ ናቸው በያ!" አለ። ዝም አልኩ። እሷ በስልጠና ሰዓት ለወንድሟ ደውላ ስታወራ ሰምቼ ጽፌ አስገብቻለሁ። ጎበዝ ተባልኩ።

እኔ ስወጣ እሷ ቀረች። ሥራም ለቀቀች፤ አሁን እዚያው ግቢ ውስጥ ነው የምትሠራው አሉ። ደወልኩላት፣ አላነሳችም። መልእክት ላክሁ፣ ደረሰ፣ አልመለሰችም። ለእሷ አሁን ጎታቿ እኔ ነኝ፤ ቃሉን ያስተማርኳትም እኔ።

ጠዋት ታክሲ ተራው ጋ ሚኒባሱ ሊሞላ ነው፤ ረዳቱ "ቃሊቲ፣ ሳሪስ! አንድ ሰው! አንድ ሰው!" ይላል። ጎንበስ ብዬ ልገባ ስል ከኋላ ወንበር ተቀምጣለች። ነጠላ ለብሳለች፣ ከስታለች። ያየችኝ እሷ ናት ቀድማ። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ቀስ ብላ፣ ሳትደነግጥ፣ አገጯን ትንሽ ከፍ አድርጋ። እንዲያ አዟዟሩን አውቀዋለሁ፤ ሰልጥነንበታል። ባዶው ቦታ ከጎኗ ነበር።

እዚያ ደብተር ላይ የጻፍኩላትን አሁንም በቃሌ አውቀዋለሁ። ስለ እናቷ የነገረችኝን። ከጎኗ ብቀመጥ እስከ ቃሊቲ ድረስ ያንን ነገር ታቅፌ ነው የምቀመጠው፤ እሷም ታውቃለች።

"እህት፣ ትገቢያለሽ አትገቢም?" አለኝ ረዳቱ።

ቀጣዩን ጠበቅሁ።