የመጨረሻዋ ጥያቄ

ደሴ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዳራሽ፣ በዓመቱ መዝጊያ የጥያቄና መልስ ውድድር ላይ፣ 11ኛ እና 12ኛ ክፍል እኩል 31 ነጥብ ይዘው የመጨረሻዋ ጥያቄ ላይ ደረሱ። ደንቡ የታወቀው ነው፤ በተራ ለተመለሰ 2 ነጥብ፣ ለተጋጣሚ ካለፈ 1፣ ማሰቢያ 15 ሰከንድ። መድረክ መሪው አነበበ፦ «“በምትለው አልስማማም፤ የመናገር መብትህን ግን እስከ ሞት ድረስ እሟገትልሃለሁ” ያለው ፈላስፋ ማን ነው?»

ተራው የ11ኛ ክፍል ነበር። ማይኩን የያዘችው ልጅ ጓደኞቿን እንኳ ሳታማክር ተናገረች።

«ቮልቴር ነው ይባላል፣ ግን እሱ አላለውም። የጻፈችው ኤቭሊን ሆል የምትባል እንግሊዛዊት ናት።»

መድረክ መሪው ወረቀቱን አየ። «አንድ መልስ ብቻ ነው የምንቀበለው።»

«እሺ፣ ኤቭሊን ሆል።»

«አልተመለሰም። ለተጋጣሚ አልፏል።»

12ኛ ክፍል «ቮልቴር» አለ። አንድ ነጥብ፣ ጭብጨባ፣ ዋንጫ።

ልጅቷ ልክ ነበረች። ቮልቴር የሞተው እ.ኤ.አ. በ1778 ነው። አረፍተ ነገሩ የመጣው ኤቭሊን ቢያትሪስ ሆል በ1906 በብዕር ስም ስለ ቮልቴር ወዳጆች ካሳተመችው መጽሐፍ ነው። የሰውዬውን አቋም በራሷ ቃል ስትገልጽ «እኔ» እያለ የሚናገር አድርጋ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገባችው፤ አንባቢ ሁሉ የእሱ ቃል መሰለው። ቃል በቃል ብሏል ማለቴ አልነበረም ብላ በኋላ ራሷ አስረድታለች። ይህን ሁሉ ጥያቄ አውጪው መመርመር ሲገባው ያወቀችው የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት።

ከውድድሩ በኋላ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ክርክር ተነሣ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አንድ ነገር ብቻ ደጋገሙ፦ «ወረቀቱ ላይ ያለው ነው መልሱ። ዳኛ ከወረቀቱ ወጥቶ ከፈረደ ነገ ማን ያምነዋል?» ንግግራቸው መሠረት አለው፤ ደንቡ የተሠራው ለአድልዎ በር ለመዝጋት ነው። ግን ደንቡ የሚጸናው ወረቀቱ የታመነ ሲሆን ነው። ይህ ወረቀት በዋዜማው ማታ ከስልክ የተገለበጠ ነበር።

ያኔ ወረቀቱ ከላይ እስከ ታች ተነበበ። «ራስህን እወቅ» ለሶቅራጥስ ተሰጥቷል። ሶቅራጥስ ደጋግሞ ተጠቅሞበት ይሆናል እንጂ ቃሉ በጥንቷ ግሪክ፣ በዴልፊ የአፖሎ ቤተ መቅደስ ላይ ተቀርጾ የነበረ ነው፤ ሶቅራጥስ ራሱ ደግሞ አንድም መጽሐፍ አልጻፈም፣ በአብዛኛው የምናውቀው በፕላቶን በኩል ነው። «አስባለሁ፣ ስለዚህ አለሁ» በትክክል ለፈረንሳዊው ፈላስፋ ለዴካርት ተሰጥቷል፤ በ1637 በፈረንሳይኛ፣ በ1644 በላቲን ጽፎታል። ችግሩ የመልሱ አጻጻፍ ነው። ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደሉ «ዴስካርተስ» ብሎ ያነበበ ልጅ እንዳይጣል፣ ሁለቱም አነባበብ አስቀድሞ ወረቀቱ ላይ መጻፍ ነበረበት።

የከተሞቹ ይብሳሉ። «ካንት የተወለደው በየትኛው አገር ነው?» ይላል፣ መልሱ ጀርመን። ፈላስፋው ካንት በ1724 ኮኒግስበርግ ሲወለድ ከተማዋ የፕሩሲያ ነበረች፤ ጀርመን አንድ መንግሥት የሆነችው በ1871 ነው፤ ቦታው ዛሬ በሩሲያ ውስጥ ነው። ሦስት ተማሪ ሦስት አገር ቢጠራ ለሦስቱም መከራከሪያ አለ። «ካንት የተወለደባት ኮኒግስበርግ ከ1946 ጀምሮ ማን ትባላለች?» ቢባል ግን ካሊኒንግራድ ብቻ ነው፣ ጭቅጭቅ የለውም። ወሎ ራሱ ቀድሞ ቤተ አምሐራ ይባል እንደነበር የሚያውቅ ሰው፣ የቦታ ስም ሲጠየቅ «በየትኛው ዘመን?» ማለትን አይረሳም ነበር።

ሌላው ወጥመድ የዘመን አቆጣጠር ነው። ሴንት ፒተርስበርግ በ1914 ፔትሮግራድ፣ በ1924 ሌኒንግራድ ሆና፣ የቀድሞ ስሟ የተመለሰላት ሴፕቴምበር 6 ቀን 1991 ነው። ወረቀቱ 7 ቀንሶ «1984 ዓ.ም.» ብሏል። ቀኑ ግን ጳጉሜን 1 ነው፤ እንቁጣጣሽ ገና አልገባም፤ የሚቀነሰው 8 ነው፣ 1983 ይሆናል። ወሩ ካልታወቀ ዓመቱን እንዳለ ትቶ «እ.ኤ.አ.» ማለት ይሻላል።

ልጅቷ አዳራሹ በር ላይ ዝናቡ እስኪያባራ ቆማ ነበር። የእንግሊዝኛ መምህሯ ነጠላዋን እየተከናነበች አጠገቧ ስትደርስ ጠየቀቻት።

«ቲቸር፣ ዝም ብዬ ቮልቴር ብል ይሻለኝ ነበር?»

«አብሽሪ፣ የኔ ልጅ» አለቻት መምህሯ። ሌላ የምትላት አላገኘችም።

አሁን የጥያቄው ወረቀት ሦስተኛ ዓምድ አለው፦ የት ተጻፈ፣ መቼ። ዓምዱ ባዶ የሆነበት ጥያቄ አይገባም። ዋንጫው ግን እስከ ዛሬ በ12ኛ ክፍል ኮሪደር፣ በመስታወቱ ሣጥን ውስጥ ነው።