ከአድማው በኋላ የተገዛ ኢንሹራንስ

ዛሬ ከፍራንክፈርት ወደ አዲስ አበባ ልሄድበት የነበረው በረራ በአየር መንገዱ ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ ምክንያት ከሁለት ቀን በፊት ተሰረዘ። ወዲያው ወደ ጉዞ ኢንሹራንሴ ስደውል፣ ያነጋገረችኝ ሴት መጀመሪያ የጠየቀችኝ ውሉን የገዛሁበትን ቀን ነበር። አድማው በይፋ የተነገረው ማክሰኞ፣ እኔ የገዛሁት ደግሞ ረቡዕ ስለ ሆነ፣ ውሉ ሲገዛ አስቀድሞ ለታወቀ ነገር ኢንሹራንሱ እንደማይከፍል በትሕትና አስረዳችኝ። ተናደድኩ፤ ነገር ግን ውሉን ሳላነብ የተስማማሁት እኔው ነኝ።

ይልቅስ ተስፋዬ ያለው በአየር መንገዱ ላይ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 261/2004 መሠረት ሌላ በረራ ወይም የቲኬቱን ገንዘብ፣ ሌላውን በረራ ለሚጠብቅ ተጓዥም ምግብና እንደ አስፈላጊነቱ ማደሪያ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ከዚህም በላይ የኅብረቱ ፍርድ ቤት በ2021 እ.ኤ.አ. የአየር መንገዱ የራሱ ሠራተኞች በማኅበራቸው ጠሪነት ለደመወዝ የሚያደርጉት አድማ «ያልተለመደ ሁኔታ» ተብሎ ከካሳ ነፃ እንደማያደርግ ስለ ወሰነ፣ ስረዛው የተነገረኝም ጉዞው ሁለት ቀን ብቻ ሲቀረው በመሆኑ፣ ከ3,500 ኪሎ ሜትር ለሚበልጠው ለዚህ መንገድ 600 ዩሮ እጠይቃለሁ። አድማ የመቱት የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ሌላ በሆነ ነበር።

እስከዚያው የሻይና የሳንድዊች ደረሰኝ እያጠራቀምኩ ነው።