ሰኔ 30 እና ሐምሌ 22፦ የዶላር ዕዳ ያለበትን ሂሳብ እንዴት እንደዘጋሁ

የ2016 በጀት ዓመት ሂሳብ ሰኔ 30 ተዘጋ። ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ የለቀቀው ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። ዕቃ በዱቤ ያስገቡ ድርጅቶችን ሂሳብ ስዘጋ ሥራውን ሁሉ ያከበዱት በመሃል ያሉት እነዚህ ሦስት ሳምንታት ናቸው።

መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ ዶላር በመወደዱ በዕዳው ላይ የመጣው ኪሳራ የየትኛው ዓመት ነው የሚለው ነው። ብዙ ባለቤቶች በ2016 እንዲያዝላቸው ይፈልጋሉ። ከመዝጊያው ቀን በኋላ ስለሚፈጠሩ ነገሮች የሚደነግገው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ደረጃ፣ አይኤኤስ 10፣ ግን አይፈቅድም፤ ሰኔ 30 ላይ የነበረው ተመን የዚያን ቀን እውነታ ነው፣ ከዚያ በኋላ የመጣ ለውጥ ቁጥሩን አያስቀይርም። 200,000 ዶላር ዕዳ ካለና የመዝጊያው ተመን 57 ብር ከሆነ፣ በ2016 መግለጫ ላይ የሚቀመጠው 11,400,000 ብር ነው። ሪፖርቱ በሚጸድቅበት ቀን ተመኑ 120 ብር ቢደርስ ዕዳው 24,000,000 ብር ይሆናል። የ12,600,000 ብሩ ልዩነት ጆርናል (የመዝገብ ምዝገባ) አይሠራለትም፤ ከመግለጫው ጋር በሚያያዘው ማብራሪያ ግን በቁጥሩ መጻፍ አለበት። «የምንዛሪ ለውጥ ተደርጓል» የሚል አንድ መስመር በቂ አይደለም። ምን እንደተፈጠረና ግምቱ ስንት እንደሆነ፣ መገመት ካልተቻለም አለመቻሉ ይገለጻል።

ከሁሉ በላይ ጊዜ የወሰደብኝ በ2017 መዝጊያ የአቅራቢዎችን ካርድ፣ ማለትም የእያንዳንዱን አቅራቢ የሂሳብ መዝገብ፣ መፍታት ነው። አንድ አቅራቢ ጋ 90,000 ዶላር ያልተከፈለ ኢንቮይስ፣ ለቀጣይ ትዕዛዝ ደግሞ 30,000 ዶላር ቅድመ ክፍያ አለ እንበል። ሁለቱ በአንድ ካርድ ስለተመዘገቡ ቀሪው 60,000 ሆኖ ይታያል። በመጀመሪያው ዙር እኔም በ60,000ው ላይ ነው ያሰላሁት፤ ስህተት ነበር። ዕዳው በመዝጊያው ተመን እንደገና ይሰላል፣ ዕቃ የሚመጣበት ቅድመ ክፍያ ግን በተከፈለበት ቀን ተመን ይቆያል። ተመኑ ከ57 ወደ 130 ቢሄድ ትክክለኛው ኪሳራ 6,570,000 ብር ነው፤ በተጣራው ቀሪ ግን 4,380,000 ብቻ ይወጣል። ትዕዛዙ ተሰርዞ ገንዘቡ የሚመለስ ከሆነ ግን ቅድመ ክፍያውም እንደ ተሰብሳቢ በመዝጊያው ተመን ይሰላል፤ ስለዚህ ከአቅራቢው ጋር የተጻጻፉትን ደብዳቤ ሳያዩ አይወስኑ።

ለዕዳ የባንኩን የመሸጫ ተመን፣ ለዶላር ተቀማጭ የመግዣውን ተጠቀምኩ። ዕዳው የሚከፈለው ባንኩ በሚሸጥልን ዋጋ ስለሆነ ነው።

በዓመቱ ውስጥ በከፊል የተከፈለ ዕዳ ሲኖር ኪሳራውን ሁለት ጊዜ መቁጠር ቀላል ነው። ለያንዳንዱ አቅራቢ በዶላር ብቻ የሚሄድ ሠንጠረዥ ሠራሁ፦ መነሻ ቀሪ፣ ሲደመር ኢንቮይስ፣ ሲቀነስ በባንክ አድቫይስ (ባንኩ በሚሰጠው የክፍያ ማስታወቂያ) የተረጋገጠ ክፍያ። የመጨረሻው ዶላር በመዝጊያው ተመን ሲባዛ የሚገኘው ብርና ሌጀሩ (የሂሳብ መዝገቡ) ላይ ያለው ብር የሚለያዩ ከሆነ፣ ያልተመዘገበው የምንዛሪ ልዩነት ያ ነው። አንድ ጆርናል ይበቃል።

ኪሳራውን በማሽኑ ወይም በመጋዘን ባለው ዕቃ ዋጋ ላይ እንድደምር ተጠይቄ ነበር። አይሆንም። ዕቃው የሚመዘገበው ግዢው በተፈጸመበት ቀን ተመን ነው፤ በኋላ የመጣው ልዩነት ወደ ትርፍና ኪሳራ ይሄዳል። ስለ ብድር ወጪ የሚደነግገው አይኤኤስ 23 ልዩነቱ በንብረት ዋጋ ላይ እንዲደመር የሚፈቅደው፣ ግንባታው ረጅም ጊዜ ለሚወስድ ንብረት በተወሰደ ብድር ላይ፣ ያውም እንደ ወለድ ማስተካከያ የሚቆጠረውን ያህል ብቻ ነው። የመሸጫ ዋጋ መተመን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ነጋዴው አዲስ ዕቃ በሚያስገባበት ዋጋ ማስላቱ ተገቢ ነው፣ መዝገቡን ግን አይነካም።

ቁጥሩ 2016 ላይ ባይነካም፣ ድርጅቱ ሥራውን መቀጠል ይችላል ወይ የሚለው ግምገማ ግን ሪፖርቱ እስከሚጸድቅበት ቀን ያለውን ሁሉ ያያል። እዚህ ላይ ኦዲተሩ ከሰው ቃል ይልቅ ወረቀት ነው የሚፈልገው፦ የአሥራ ሁለት ወር የገንዘብ ፍሰት ትንበያ በአዲሱ ተመን፣ አቅራቢው የክፍያ ጊዜ ማራዘሙን የሚገልጽ የተፈረመ ደብዳቤ፣ ባለአክሲዮኖች ገንዘብ ለመጨመር የወሰኑበት ቃለ ጉባኤ። የአቅራቢው ደብዳቤ ውጭ አገር ተፈርሞ እስኪመጣ ሳምንታት ይፈጃልና መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።