ላፕቶፔ አዲስ ፕሮሰሰር ገባለት

ጌም የምጫወትበት ላፕቶፕ አርጅቷል። ግራፊክስ ካርዱ ግን ገና ደህና ነው፤ ስክሪኑም ምንም አልሆነ። ሲያበሳጨኝ የኖረው ፕሮሰሰሩ ነው። ጌሙ ውስጥ ግርግር የበዛበት ከተማ ስገባ ምስሉ ይንተፋተፋል። አጠቃቀማቸውን የሚያሳየውን መስኮት ዊንዶውስ ውስጥ ከፍቼ ሳይ ፕሮሰሰሩ 100 በመቶ ላይ ተሰቅሏል፣ ግራፊክስ ካርዱ ደግሞ ግማሽ ጉልበቱን እንኳ አይጠቀምም። ይህን ባላይ ኖሮ አንድም ብሎን አልፈታም ነበር። ነገሩ የተገላቢጦሽ ቢሆን፣ ማለትም ካርዱ ሞልቶ ፕሮሰሰሩ ቢዝናና፣ የፈለገውን ፕሮሰሰር ብገጥምለት ለውጥ አላይም።

ደግነቱ ማሽኑ የኢንቴል አራተኛ ትውልድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው፣ ሐስዌል የሚባለው። ከዚያ ወዲህ የመጡት የኢንቴል ላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ማዘርቦርዱ ላይ ተበይደው ነው የሚመጡት። በሐስዌል ጊዜ ግን ሁለቱም ዓይነት ነበር። 4700ኤምኪው የሚባለው ፕሮሰሰር ሶኬት ላይ፣ ማለትም ማዘርቦርዱ ላይ ባለ መሰኪያ ይቀመጣል፣ 4700ኤችኪው ይበየዳል። ኮራቸው፣ ማለትም ሥራውን የሚካፈሉት ክፍሎች ብዛት እኩል፣ ፍጥነታቸው እኩል፤ አንዱ ይነቀላል፣ ሌላው አይነቀልም። ላፕቶፕ ይቅጠን ተብሎ የተከፈለው ዋጋ ይሄ ነው። እኔ ብጠየቅ ትንሽ ወፍሮ ቢከፈት እመርጥ ነበር፤ ማንም አልጠየቀኝም እንጂ።

የነበረው ኮር አይ5 4200ኤም ነው፤ ሁለት ኮር፣ 37 ዋት። የገባው ኮር አይ7 4700ኤምኪው፤ አራት ኮር፣ 47 ዋት። ሶኬቱ ስለገጠመ ብቻ አይሠራም፤ ባዮሱም፣ ማለትም ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ሊያውቀው ይገባል። አምራቹ ይህንኑ ሞዴል በአይ7ም ይሸጠው ስለነበር ልቤ አረፈ። ባዮሱን ግን አስቀድሜ አዘመንኩት።

መፍታቱ እንደሚፈራው አይደለም። ባትሪ ይወጣል፣ የጀርባው ክዳን ይነሳል፣ ከዚያ የመዳቡ ሙቀት ማስወገጃ። የእሱ ብሎኖች ቁጥር አላቸው፤ ሲጠብቁ በቁጥራቸው ተራ፣ ሲፈቱ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው። ሶኬቱ ጎን ላይ ያለችውን ብሎን በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ግማሽ ዙር ሳዞራት ፕሮሰሰሩ በጣቴ ተነሳ። አዲሱ ሲገባ መጫን የሚባል ነገር የለም። ከሥሩ ከ900 በላይ ቀጫጭን እግሮች አሉት፤ ማዕዘኑ ላይ ያለችው ትንሽ ሦስት ማዕዘን ከሶኬቱ ምልክት ጋር ስትገጥም ራሱ ይቀመጣል። ሙቀቱን ከቺፑ ወደ መዳቡ የሚያሻግረውን ቅባት፣ የደረቀውን ቴርማል ፔስት፣ በአልኮል ጠርጌ አዲስ ቀባሁ። እዚህ ላይ እጄ ቀስ አለ። የላፕቶፕ ፕሮሰሰር እንደ ዴስክቶፑ ብረት ክዳን የለውም፤ መዳቡ የሚያርፈው በቀጥታ ቺፑ ላይ ስለሆነ አንድ ጎን ቀድሞ ከጠበቀ ጠርዙ ሊሸረፍ ይችላል።

ተነሳ። ባዮሱም በስሙ ጠራው።

የጠበቅኩት የፍሬም ቁጥር፣ ማለትም በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት፣ ጣሪያ እንዲነካ ነበር፤ አማካዩ ብዙም አልጨመረም። የጠፋው መንተፋተፉ ነው። ከተማው ውስጥ ስሮጥ ምስሉ አይወድቅም፣ አለቀ። አሁን ይህን ከትልቅ አማካይ አስበልጠዋለሁ።

ሙቀቱ ግን ሌላ ወሬ ነው። 10 ዋት ወረቀት ላይ ምንም አይመስልም። መዳቡ ያው የድሮው፣ ፋኑም ያው፤ ስለዚህ ጩኸቱ ጨመረ፣ ሙቀቱም ከ90 ዲግሪ አለፈ። ይህ ፕሮሰሰር 100 ላይ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ያኔ የተገዛው ጉልበት ባዶ ነው። ዊንዶውስ ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ ገደብ ከ100 ወደ 99 በመቶ ዝቅ አደረግኩት። አንድ በመቶ ትመስላለች፤ ቱርቦውን፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ከመደበኛው በላይ የሚፈጥንበትን፣ ግን ሙሉ በሙሉ ታጠፋለች። 3.4 ጊጋኸርዝ ድረስ የሚወጣው በ2.4 ይወሰናል። የኔ ጌም አራቱንም ኮር ስለሚጠቀም ያም ሆኖ ከአሮጌው ይሻላል፣ ፋኑም ዝም አለ።

ታናሽ ወንድሜ ይህን ሁሉ ሲያይ ቆይቶ "የኔንስ መቼ?" አለኝ። የሱ አዲስ ነው፤ ፕሮሰሰሩ የተበየደ።

"ያንተ አይነቀልም። ራምህ ግን አንድ ፍሬ ብቻ ነው፤ ሁለተኛ ጨምርበት። ፋንህንም አጽዳ።"

መልሱ አልጣመውም። ካቻቢቴውን ግን ይዞ ሄደ።