አንሶላ ለእነሱ፣ ፍተሻ ለእኔ

ድሬ ያለችው ጓደኛዬ ሰሞኑን «ኤል ፕሬዚደንቴ»ን አይታ ደወለችልኝ። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ የፊፋን ጉድ የሚያወጣው ድራማ። «አቦ አንቺስ ታድለሻል! ሌባ የሚያዝበት አገር ነው የምትኖሪው» አለችኝ። ሲውዘርላንድ መኖሬን ነው እንግዲህ።

እኔም አይቼዋለሁ። ሰርሂዮ ሃዱኤ የሚባል ቺሊያዊ ከአንድ ትንሽ ክለብ ተነስቶ የአገሩ እግር ኳስ አለቃ ይሆናል፤ ከትልልቆቹም ጋር መብላት ይጀምራል። ታሪኩን የሚተርከው የአርጀንቲናው ሹም ግሮንዶና ነው። ሰውየው ሞቷል፤ ሞቶም አላረፈም።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በግንቦት 2015 እ.ኤ.አ. ፖሊስ ዙሪክ ውስጥ አንድ ቅንጡ ሆቴል ገብቶ የእግር ኳስ ሹማምንት ሲይዝ፣ የሆቴሉ ሠራተኞች ፎቶ እንዳይነሱ ነጭ አንሶላ ዘርግተው ከለሏቸው። እኔ እንጀራዬ አንሶላ ማጠፍ ነው፤ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ሆቴል። ለእኔ ግን ማንም አንሶላ አልዘረጋልኝም።

እኛ ጽዳቶቹ ከሥራ ስንወጣ ቦርሳችን ይፈተሻል። አንድ ቀን እናቴ የላከችልኝን ቁጢ ለሐረሯ ልጅ ላካፍል ይዤ ነበር። ጥበቃው ፌስታሉን ከፈተ፣ አሸተተ፣ ጓንት አጠለቀ። ሱፐርቫይዘሯን ጠራ። ከኋላዬ ሰልፉ ቆሟል፤ ሁሉም ያየኛል። «የቡና ቅጠል ነው፣ አፍልተን በወተት እንጠጣዋለን» አልኩ። «ቡና ቅጠል አለው እንዴ?» አለች። በቀን ስንት ሲኒ ቡና የምትጠጣ ሴትዮ! (የሳቢያን፣ የድሬዋ ሰፈር ልጅ፣ ቅጠል ይዛ ተያዘች ሲባል እናንተም ምን እንደታያችሁ አውቃለሁ። ወላሂ ቁጢ ነው።)

መጨረሻ ላይ ለቀቁኝ። ይቅርታ የሚባል ነገር የለም። በሳምንቱ ያቺው ሱፐርቫይዘር መጥታ «ያ ቅጠል ያከሳል?» ብላ ጠየቀችኝ።

ደግሞ «እናንተ አገር ኳስ አለ?» ይሉኛል። በ1976 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ዋንጫ አንዱ ምድብ የተካሄደው ድሬ ነው! የዋንጫው ባለቤት የነበረችው ዛየር (የዛሬዋ ዲሞክራቲክ ኮንጎ)፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳን፣ ኋላም ዋንጫውን የወሰደችው ሞሮኮ እኛ ሰፈር ተጫውተዋል። የካፍ ፕሬዚዳንትም የኛው ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ይህን ስነግራቸው ስልካቸውን አውጥተው ያጣራሉ። ቃሌም ይፈተሻል ማለት ነው።

እኛም ግን ጻድቅ አይደለንም። ድሬ ላይ ማን እንደበላ በርጫ ላይ በስም ይወራል፤ የበላውም አብሮ ተቀምጦ ይቅማል። እዚህ ደግሞ ጉዳዩ ፋይል ውስጥ ገብቶ ጠበቃ ብቻ ያወራዋል። የቱ እንደሚሻል እንጃ።

ለመምጣት የምታስቡ፣ ሆቴል ሥራ ስትቀጠሩ ከመፈረማችሁ በፊት ፍተሻ እንዳለ ጠይቁ። ሲፈትሿችሁ «ሰው ባለበት አይሆንም፣ ክፍል ውስጥ ይሁን» በሉ፤ ቋንቋው ባይሞላላችሁም ይህችን ዓረፍተ ነገር አጥኑ። ዲግሪያችሁን እንደ ጋሻ አትያዙት፤ ጥበቃው አያነበውም። ቁጢ ግን አምጡ፤ የኔው እያለቀ ነው።